«ያ» እና «ቶ»፦ ሐኪሙ ለምን «ሌላስ? ሌላስ?» አሉኝ?

ሰንበሌጥ

ሰላም ቤተሰብ። ጃፓን ከመጣሁ ዓመት ከአምስት ወር ሆነኝ። ባለፈው ሳምንት የሆነውን ልንገራችሁና የምታውቁ አስረዱኝ። ካና (የጃፓኖቹን ፊደል) ማንበብ ያልጀመሩ ስላሉ ጃፓንኛውን በፊደላችን ነው የምጽፈው። እናንተም እንደዚያው አድርጉልኝ።

ማታ እራቴን በልቼ ተኛሁ። ሌሊት ሲያሳክከኝ ነቃሁ። መብራት ሳበራ ክንዴ በሙሉ ሽፍ ብሏል። ጠዋት ሰፈራችን ካለች ትንሽ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ትልቅ ሰው ናቸው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚያደርጉ ዓይነት። ትናንት ማታ ምን እንደበላሁ ጠየቁኝ። እኔም ኮራ ብዬ፦

«ኤቢ ያ ታማጎ ኦ ታቤማሽታ» አልኩ። ሽሪምፕና እንቁላል በላሁ ማለቴ ነው።

እስክሪብቷቸውን ከወረቀቱ ሳያነሱ ቀና አሉ። «ሆካ ኒ ዋ?» ሌላስ?

«የለም» አልኳቸው። ዝም ብለው ጠበቁ። «ኖሚሞኖ ቶካ?» የሚጠጣ ነገርስ? ውሃ አልኩ። «ሆካ ኒ ዋ?» እንደገና! የደበቅኩት ነገር ያለ እስኪመስለኝ ድረስ። በመጨረሻ ጣቴን አውጥቼ ሁለት ብቻ፣ ሁለት አልኳቸው። ያኔ ፈገግ አሉና «አአ፣ ኤቢ ቶ ታማጎ፣ ዴስ ኔ» ብለው ጻፉ።

እኔ «ያ» አልኩ፣ እሳቸው «ቶ» ብለው መለሱልኝ። ሁለቱም «እና» አይደሉም እንዴ? ክፍል ውስጥ እንደዚያ ነው የጻፍኩት።

አምስተኛው_ሙከራ

እህቴ እንኳን ተረፍሽ። ጥፋቱ የሐኪሙ አይደለም፣ የ«ያ» ነው።

«ቶ» ዝርዝሩን ይዘጋል። «ኤቢ ቶ ታማጎ» ብትያቸው ኖሮ መልሱ ሁለቱ ናቸው፣ አለቀ። «ያ» ግን በሩን ገርበብ አድርጎ ይተወዋል። ያልሻቸው «ከበላኋቸው ውስጥ ለምሳሌ ሽሪምፕና እንቁላል» ነው። ሐኪም ገርበብ ያለ በር ካየ ገፋ አድርጎ መግባት ሥራው ነው።

ብዙዎቻችንን የሚያሳስተን «ያ» መማሪያ መጽሐፍ ላይ ከ«ናዶ» ጋር ተቆራኝቶ መምጣቱ ነው። «ሆን ያ ፔን ናዶ»፣ መጽሐፍና እስክሪብቶ ወዘተ። ስለዚህ «ሌላም አለ» የሚለው ትርጉም ያለው «ናዶ» ላይ ይመስለናል። አይደለም። «ናዶ» ቢቀርም «ያ» ብቻውን ይለዋል።

እኔ ራሴን የምፈትንበት ዘዴ አለኝ። መጨረሻው ላይ ቁጥር እጨምርበታለሁ። «ሪንጎ ቶ ባናና ኖ ፉታትሱ»፣ ፖምና ሙዝ፣ ሁለቱ። ይሄዳል። እዚያው ላይ «ያ» ስታስገቢ ጆሮ ይቆረቁራል። ክፍት የሆነ ዝርዝር አይቆጠርማ! ባንኩና ሱፐርማርኬቱ መካከል ስትይም «ጊንኮ ቶ ሱፓ ኖ አይዳ» ነው እንጂ «ያ» አይገባም። መካከል ለመሆን ሁለቱም ዳር መታወቅ አለበት።

የምወዳት ምሳሌ ደግሞ ይቺ ናት። «ኬን ቶ ማሪ ጋ ኬኮን ሽታ» ካልን ኬንና ማሪ እርስ በርስ ተጋቡ። «ኬን ያ ማሪ» ካልን ግን ኬንም አገባ፣ ማሪም አገባች፣ ሌሎችም አገቡ፣ ሁሉም በየፊናው። በአንድ ፊደል ትዳር ፈረሰ።

ልጅ_ቦሌ

ምን ታካብዳላችሁ። «ያ» ማለት «ምናምን» ማለት ነው በቃ። ሽሪምፕ ምናምን በላሁ። አለቀ።

ባለ_ቤንቶ

አይ ወንድሜ፣ «ምናምን» እንኳ «ቶካ» ነው። እኔ የምሠራው የቤንቶ (የታሸገ ምሳ) ፋብሪካ ውስጥ ነው፣ የሌሊት ፈረቃ። መስመሩ ላይ አጠገቤ የሚቆሙት የጃፓን እናቶች ሲያወሩ «ያ» ብለው ሲዘረዝሩ የሰማሁት ከስንት አንዴ ነው። ሁሉም «ቶካ» ነው። ታማጎ ቶካ፣ ሳካና ቶካ፣ ኒንጂን ቶካ፣ እንቁላል ምናምን፣ ዓሣ ምናምን፣ ካሮት ምናምን። «ያ» የማየው ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ ነው። ቀለበትም ሰዓትም አታድርጉ ሲል «ዩቢዋ ያ ቶኬይ» ይላል።

«ያ» የጽሑፍና የጨዋ ንግግር ነው። «ቶካ» የአፍ ነው። ደግሞ «ያ» ከስም ጋር ብቻ ነው የሚሄደው። «ቶካ» ግሱንም ቅጽሉንም ሙሉ ዓረፍተ ነገሩንም ያነሳዋል። ከመጨረሻው ስም በኋላም ይቀመጣል። «ያ» መጨረሻ ላይ ተንጠልጥሎ አይቀርም።

ሰንበሌጥ

እሺ፣ «ምናምን» ለቶካ ከሄደ ለ«ያ» ምን ቀረው? አማርኛ የለውም ማለት ነው?

የድሮ_ተማሪ

ልጆቼ፣ እኔ ጃፓን የተማርኩት በሾዋ ዘመን መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ነው። (ያኔ አዲስ ስመጣ «ሾዋ» ሲሉ «ሸዋ» እየመሰለኝ ሰዎቹ አገሬን ያወቁልኝ ይመስለኝ ነበር።) ለ«ያ» አማርኛ አጥቼ ሁለት ዓመት ተቸገርኩ። መልሱ የመጣልኝ ቶኪዮ ሳይሆን ለእረፍት አገር ቤት ስገባ ነው።

እናቴ ገበያ ልትልከኝ ዘንቢሉን ሰጠችኝ። «እነ ሽንኩርት፣ እነ ቲማቲም ይዘህ ና» አለችኝ።

እዚያው በሩ ላይ ቆምኩ። «እነ»! ሽንኩርትና ቲማቲም ብቻ ገዝቼ ብመለስ ትቆጣኛለች። ቃሪያው የታል? ነጭ ሽንኩርቱስ? ትለኛለች። ስም አልጠራችም፣ ግን ብላለች። ሁለቱን የጠራችው የቀሩትን እንድገምት ነው። «ያ» የሚሠራው ልክ እንደዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። እናቴ «እነ ሽንኩርት፣ እነ ሚስማር» ልትለኝ አትችልም። ሽንኩርትና ሚስማር ምን ያዛምዳቸዋል? የቀረውን በምን እገምታለሁ? «ያ»ም እንደዚያው ነው። ሁለቱ ስሞች ከአንድ ጎራ መሆን አለባቸው፣ ሰሚው ጎራውን ራሱ ይሞላዋል። «ቶ» ግን ደንታ የለውም። ሽንኩርት ቶ ሚስማር፣ ይሄዳል።

ቀለም_ቆጣሪ

ጋሼ፣ ምሳሌዎ በጣም ያምራል። ግን ይፍቀዱልኝና ትንሽ ልከራከርዎ።

አንደኛ፣ «እነ» መሠረቱ የሰው ነው። «እነ አበበ መጡ» ስንል አበበና ከእሱ ጋር ያሉት፣ እኔም አንተም የምናውቃቸው ማለታችን ነው። ለዚህ ጃፓንኛው «ያ» ሳይሆን «ታቺ» አለው፣ «ታናካ-ሳን ታቺ»። ሁለተኛ፣ «እነ» ብቻውን ይቆማል። «እነ ሽንኩርት ተወደዱ» ይባላል። «ያ» ግን ቢያንስ ሁለት ስም ይፈልጋል። አንድ ስም ብቻ ይዘው «ሌላም አለ» ለማለት ከፈለጉ ወደ «ናዶ» ወይም ወደ «ቶካ» መሄድ ነው።

ደግሞ አምስተኛው፣ «ቶ ይዘጋል» ያልከው በደንብ ይያዝ እንጂ አይክረር። ጠዋት «ፓን ቶ ታማጎ»፣ ዳቦና እንቁላል በላሁ ብል፣ ውሃም ስለጠጣሁ ዋሸሁ አይባልም። «ቶ» የሚዘጋው የተጠየቀውን ነው። ሰንበሌጥን የጠየቋት ሐኪም ናቸው፣ ጉዳዩ ሽፍታ ነው። ስለዚህ እዚያ ክፍል ውስጥ ጠብታ ውሃም ትቆጠራለች። ጓደኛዋ ቢጠይቃት ግን «ያ»ም ብትል ማንም «ሌላስ?» አይላትም።

የድሮ_ተማሪ

ልጄ፣ «ታቺ»ን በተመለከተ ተሸንፌያለሁ። ብቻውን መቆሙንም ልክ ነህ። ግን «እነ»ን ሁለት ጊዜ ደጋግሜ ዕቃ ላይ ሳደርገው የሚሰማኝ ስሜት የ«ያ» ነው። ይቺን አልለቅም።

በነገራችን ላይ «ወዘተ»ን ሳስበው ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሙሉው «ወዘተረፈ» ነው፣ ግዕዝ። «የተረፈውም» እንደማለት። ቁጭ «ናዶ» ነው። እኛ ግን ከመጻፋችን ብዛት ሦስት ፊደል አድርገነው ነጥብ ነጥብ አስገብተንበት፣ ውስጡ ያለውን «የተረፈ» ረስተነዋል።

ልጅ_ቦሌ

እሺ «ምናምን» ቶካ ነው ከተባለ ልጨምርበት፣ ምክንያቱም አሁን የገባኝ ነገር አለ።

ኦንላይን የማወራት ጃፓናዊት አለች። እሷ አማርኛ ትለምዳለች፣ እኔ ጃፓንኛ። አንድ ቀን «ዶዮቢ ቶካ ዶ?» ብላ ጻፈችልኝ። ቅዳሜስ ማለቷ ነው ብዬ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ስልኬ ላይ ተተክዬ ዋልኩ። አልደወለችም። በኋላ ስጠይቃት «አንተ እኮ የትኛው ቀን እንደሚመችህ አልነገርከኝም» አለች።

«ቶካ» እዚያ ጋ አንድ ቀን ብቻ ይዛ «ለምሳሌ ቅዳሜ፣ ካልሆነም ሌላ ቀን» ነበር ያለችኝ። የሚገርመው እኔ ራሴ ለጓደኛዬ «ቅዳሜ ምናምን እንገናኝ» ብለው ቅዳሜ ጠዋት ደጃፌ ቢመጣ እደነግጣለሁ። ቁጭ እሱ!

ሌላም አለ። «ኬኮን ሽታ ቶካ» ካሉ አግብታለች አሉ፣ ሰማሁ ነው፣ እርግጠኛ አይደለሁም። እኛም «አግብታለች ምናምን ሲሉ ሰማሁ» እንላለን። አንድ አባት ነው የወለዳቸው።

ባለ_ቤንቶ

እሑድ እሑድ ዮትሱጊ እሄዳለሁ፣ ካትሱሺካ ውስጥ ያለው ሰፈር። ቶኪዮ ውስጥ ሀበሻ የሚበዛው እዚያ አይደል። እዚህ የተወለዱት ሕፃናት ከእናቶቻቸው ጋር አማርኛ እያወሩ መሃል ላይ «እማዬ፣ እንጀራ ቶካ አለ?» ሲሉ ትሰማላችሁ። «ምናምን» የሚለውን ቃል ሳያውቁት ቦታውን አውቀውታል። እናትየው ደግሞ «ምን ቶካ ቶካ ትላለህ» ትለዋለች። አገር ቤት «ምን ምናምን ምናምን ትላለህ» እንደምንባለው።

የድሮ_ተማሪ

ይሄ ቁጣ የጃፓኖቹም ነው። ወጣቶቹ በሆነ ባልሆነው «ቶካ» እየጨመሩ ንግግራቸውን አለሰለሱ ተብሎ ብዙ ተወቅሰዋል። ከጓደኛዬ ጋር አወራሁ ማለት ሲገባ፣ «ማውራት ቶካ አደረግን» ይላሉ። ምንም ሌላ ነገር አላደረጉም እኮ! ማውራት ብቻ ነው። የጃፓን የባህል ጉዳዮች ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በየዓመቱ ሕዝቡን ስለ ቋንቋ አስተያየቱ ይጠይቃል። እንዲህ ያሉ ማለስለሻዎችም መጠይቁ ውስጥ ገብተው ያውቃሉ።

የኔ አስተማሪ ድርሰቴ ውስጥ «ቶካ» ካገኙ በቀይ ያከቡና ከላዩ ላይ «ያ» ይጽፉ ነበር። ምንም ማብራሪያ የለም። አንድ ቀይ «ያ» ብቻ።

ዝምታ_ወርቅ

ሁሉንም በ«ቶ» ጨርሱት፣ ይገባቸዋል። ሰባት ዓመት ኖሬ ማንም አላረመኝም።

አምስተኛው_ሙከራ

ወንድሜ፣ ጃፓን ውስጥ ያለመታረም ማስረጃ አይሆንም። አይተው ነው የሚያልፉህ።

ሰንበሌጥ

ሃሃሃ። እሺ «ያራ»ስ? ትናንት አብራኝ የምትኖረው ልጅ «ሬፖቶ ያራ ባይቶ ያራ» እያለች ቦርሳዋን አልጋ ላይ ወረወረች። ይሄኛውም ዝርዝር ነው?

ባለ_ቤንቶ

ነው፣ ግን የደከመው ሰው ዝርዝር ነው። አማርኛው «ምኑ ቅጡ» ነው። «ሪፖርቱ፣ የትርፍ ሰዓት ሥራው፣ ምኑ ቅጡ!» ብላሻለች። ብዙ ነገር ተደራርቦ መያዣ መጨበጫ ሲያጣ ነው «ያራ» የሚመጣው። ፋብሪካችን ውስጥ የዓመቱ መጨረሻ ሲደርስ ሁሉ ሰው «ያራ» «ያራ» ማለት ይጀምራል።

ስሜትም ይቀላቅላል። «ኡሬሺ ያራ ካናሺ ያራ»፣ ልደሰት ልዘን ግራ ገባኝ። ልጇ ተድራ የሄደች እናት የምትለው ነው።

የድሮ_ተማሪ

ግራ መጋባቱ በደሙ ነው ያለው። ጥንት «ኒ ያ አራሙ» ይባል ነበር፣ «ይሆን እንዴ?» እንደማለት። ያ ተሸራርፎ «ያራን»፣ ከዚያ «ያራ» ሆነ። ስለዚህ እያንዳንዱ «ያራ» ሆዱ ውስጥ የጥያቄ ምልክት ተቀብሯል። እኛ «ዝናብ ይሁን እንባ ይሁን አላውቅም» ስንል ያለው «ይሁን» ዘመዱ ነው።

ባለ_ቤንቶ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን አላውቅም ነበር።

ከ«ያራ» ብሶ ደግሞ «ዳኖ» አለ። ይሄ የነጭናጫ ሰው ነው። አንዱ ተቆጣጣሪያችን ስለ አዲሶቹ ሠራተኞች ሲያማርር «አትሱይ ዳኖ ሳሙይ ዳኖ» ሲል ሰማሁት። ሞቀን ይላሉ፣ በረደን ይላሉ። «ዳኖ» ያልኩት ነገር ሁሉ የሌላ ሰው አፍ ውስጥ ያለና እኔን ያሰለቸኝ ነው። በኛ ቋንቋ «ጨው በዛ፣ በርበሬ አነሰ፣ ቅብጥርሴ» የምንለው። በምንም ተአምር ስለ ራስሽ ስጦታ «አበባ ዳኖ ኬክ ዳኖ ሰጡኝ» እንዳትይ። አመስግነሽ ሳይሆን አሽሟጠሽ ነው የምትወጪው።

ወደ ሽፍታሽ ልመለስ። የሥራዬ ነገር ስለሆነ ነው። የምግብ ማሸጊያ ጀርባ አንብበሽ ታውቂያለሽ? አለርጂ የሚያመጡት ነገሮች ሲጻፉ «ኮሙጊ፣ ታማጎ፣ ዳይዙ» እየተባለ በመካከላቸው ነጥብ ብቻ ነው የሚደረገው። ስንዴ ነጥብ እንቁላል ነጥብ አኩሪ አተር። እዚያ ዝርዝር ውስጥ «ያ» የለም፣ «ቶካ» የለም። አለርጂ ያለበት ሰው «እና ሌሎችም» የሚል ነገር አንብቦ እንዴት ይበላል? መጻፍ ግዴታ ከሆኑት መካከል ሽሪምፕ፣ ሸርጣን፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ስንዴ፣ ሶባ (ባክዊት የሚባለው እህል)፣ ኦቾሎኒ አሉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ዎልነት ተጨመረ። ስለዚህ ሽሪምፕሽም እንቁላልሽም እዚያው አሉ።

ቀለም_ቆጣሪ

ግን እዚያው ማሸጊያ ላይ ትንሽ ከፍ ብለሽ ተጨማሪ ቅመሞቹን ስታነቢ «ቾሚሪዮ (አሚኖ-ሳን ቶ)» የሚል የለም? ማጣፈጫ፣ አሚኖ አሲድ ወዘተ።

ልጅ_ቦሌ

ቆይ ቆይ። «ቶ» ይዘጋል አላላችሁም እንዴ? እዚህ ደግሞ «ወዘተ» ሆነ? ልታሳብዱኝ ነው?

ቀለም_ቆጣሪ

ይቅርታ! ይሄ የፊደላችን ጥፋት ነው። ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የሚዘጋው «ቶ» አጭር ነው። ማሸጊያው ላይ ያለው ረጅም ነው፣ «ቶኦ» ብዬ ልጻፈው። በካንጂ (ከቻይና በመጣው ፊደል) የሚጻፍ ነው፣ ያንኑ ካንጂ «ናዶ» ብለውም ያነቡታል። ትርጉሙ «እና የመሳሰሉት» ነው። እኛ አናባቢ አስረዝመን የምንጽፍበት መንገድ ስለሌለን ሁለቱም «ቶ» ሆኑ። በጃፓንኛ ግን አንዱ በር ይዘጋል፣ አንዱ ይከፍታል።

ለጆሮ ካልሠለጠነ ሐበሻ ደግሞ ወጥመድ ነው። ትንሽ ስታረዝመው የዘጋኸው በር ተመልሶ ተከፈተ።

ባለ_ቤንቶ

ልክ ነህ፣ «ቶኦ» አለ። ዋናው አሚኖ አሲድ ሆኖ ሌላም ማጣፈጫ ሲቀላቀልበት ነው እንደዚያ የሚጻፈው። አለርጂው ዝርዝር ውስጥ ነው የለም ያልኩት። ነጥቡን ለአንተ ሰጥቻለሁ፣ ግማሹን።

ውል_አንባቢ

ይሄን ክር አሁን አየሁት። እኔ የቤት ኪራይና የሥራ ውል እተረጉማለሁ። እንደናንተ በ«ያ» እና በ«ቶ» ሳይሆን በአንዲት «ኖ» ነው እንቅልፍ የማጣው።

ሕግ ጽሑፍ ውስጥ ዝርዝር ሲያልቅ ሁለት ዓይነት መዝጊያ አለ። «ሶኖታ» እና «ሶኖታ ኖ»። ለውጭ ሰው አንድ ናቸው፣ ሁለቱም «ሌሎች» ይላሉ። ለሕግ አርቃቂ ግን ይለያያሉ። «ሀ፣ ለ ሶኖታ ኖ ሐ» ከተባለ ሀ እና ለ የሐ ምሳሌዎች ናቸው። ሐ ትልቁ ከረጢት ነው፣ ሁለቱ ውስጡ አሉ። «ኖ» ከሌለችበት ግን ሀ፣ ለ እና ሐ ጎን ለጎን የቆሙ ሦስት ነገሮች ናቸው።

ለምሳሌ የኪራይ ውል ላይ «ሺኪኪን፣ ሬይኪን ሶኖታ ኖ ሂዮ» ቢል፣ ማስያዣውና ለአከራይ የሚሰጠው የምስጋና ገንዘብ ራሳቸው «ወጪ» የሚባለው ውስጥ ገብተዋል። ወደ አማርኛ ስመልሰው «እንደ ማስያዣና የምስጋና ገንዘብ ያሉ ወጪዎች» ብዬ ነው የምጽፈው። «ኖ» ከሌለች «ማስያዣ፣ የምስጋና ገንዘብ እና ሌሎች ወጪዎች»። አማርኛችን ላይ ልዩነቱ ይታያል አይደል? «እንደ... ያሉ» እና «እና ሌሎች»። እዚያ ግን አንድ ፊደል ናት።

«እና»ም እንደዚሁ ደረጃ አለው። በሕግ ጽሑፍ «ኦዮቢ» ትንንሾቹን ያስራል፣ «ናራቢ ኒ» የታሰሩትን ነዶዎች እርስ በርስ ያስራል። ደረጃ ካልኖረ «ናራቢ ኒ» ብቻዋን አትመጣም። የሬሚታንስ ወረቀት የምትሞሉ እነዚህን አትፈልጉም፣ ግን ውል ከመፈረማችሁ በፊት እዩዋቸው።

ሰንበሌጥ

«የምስጋና ገንዘብ» ብለህ ስትጽፈው እንኳ ደሜ ፈላ። ሰጥቼ የማላገኘውን ገንዘብ አመስግኜ!

አምስተኛው_ሙከራ

ወደ ጃፓንኛ ፈተናው ልመልሳችሁ፣ የኔ ነገር እሱ ስለሆነ። «ናሪ» የምትባል አለች። ምርጫ ታቀርባለች። «ዴንዋ ናሪ ሜሩ ናሪ»፣ በስልክም ይሁን በኢሜይል፣ ብቻ አሳውቀኝ። ያለፈ ታሪክ ለመዘርዘር አትሆንም። ትናንት ሻይ ናሪ ቡና ናሪ ጠጣሁ አይባልም፣ ምርጫው አልፏላ። ደግሞ ለአለቃ ወይም ለአስተማሪ አትበሉት። «አንዱን አድርግ እንግዲህ» የሚል ቃና አለው።

ጃፓኖች «ኒሩ ናሪ ያኩ ናሪ» ይላሉ። ብትፈልግ ቀቅለኝ ብትፈልግ ጥበሰኝ፣ እጄን ሰጥቻለሁ። ባለፈው ፈተናው ላይ ናሪን ሳገኛት እኔም ያልኳት ይሄንኑ ነው።

ዝምታ_ወርቅ

እሺ አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ከተነሳ አይቀር። የምበላበት ምግብ ቤት አስተናጋጁ ትእዛዜን ሲደግምልኝ «ቢሩ ኒ ኤዳማሜ ኒ» ይላል። ይሄ «ኒ» ደግሞ ከየት መጣ? እኔ በ«ቶ» ነበር ያዘዝኩት።

የድሮ_ተማሪ

ሰባት ዓመት ዝም ብለህ አሁን ጥሩ ጥያቄ አመጣህ።

ያ «ኒ» መደረቢያ ነው። አንዱን ያስቀምጥና በላዩ ሌላውን ይጭናል። ቢራ፣ በሱ ላይ ኤዳማሜ (የተቀቀለ እሸት አኩሪ አተር)፣ በዚያ ላይ... እያለ ጠረጴዛህን እየሞላልህ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ እርስ በርስ የሚሄዱ ነገሮችን ያጣምራል። እኛ «ዳቦ በሻይ»፣ «ሥጋ በአዋዜ» እንደምንለው በ«በ»። ዳቦ በሻይ እና «ዳቦና ሻይ» አንድ አይደሉም። ሁለተኛው የሱቅ ዝርዝር ነው። የመጀመሪያው ቁርስ ነው።

«ኦኒ ኒ ካናቦ» የሚል አባባል አላቸው። ጭራቁ ላይ የብረት ዱላ ተጨምሮለት። ድሮም የማይቻል፣ ጭራሽ ታጥቆ!

ዝምታ_ወርቅ

ገባኝ። ግን ሳዝዝ «ቶ» ነው የምለው።

ሰንበሌጥ

ቤተሰብ፣ ተመልሼ መጣሁ። ትናንት ሽፍታው እንደገና ወጣብኝ። ዛሬ ጠዋት እዚያው ክሊኒክ።

በመንገድ ላይ እየተለማመድኩ ሄድኩ። ቶ፣ ቶ፣ ቶ፣ አጭሩ። ሐኪሙ «ምን በላሽ?» ሲሉኝ ደረቴን ነፍቼ «ጎሃን ቶ ሳካና ኦ ታቤማሽታ» አልኩ። ሩዝና ዓሣ። ጻፉ። ቀና አላሉም። «ሆካ ኒ ዋ» የለም። በአራት ደቂቃ ወጣሁ። እናንተን እያመሰገንኩ ባቡር ውስጥ ተቀመጥኩ።

ሁለት ጣቢያ እንዳለፍኩ ትዝ አለኝ። እህቴ ከአዲስ አበባ የላከችልኝ ቆሎ! ማታ ፊልም እያየሁ ግማሽ ላስቲክ ጨርሻለሁ። ኦቾሎኒ አለበት። ባለ ቤንቶ ከላይ የጻፍሽው ዝርዝር ውስጥ ያለው ኦቾሎኒ!

በ«ያ» ብናገር ኖሮ ይጠይቁኝ ነበር። እኔው በ«ቶ» ዘጋሁባቸው።

ወርጄ ደወልኩ። ነርሷ አነሳች። «ጎሃን ቶ ሳካና ቶ... ፒናትሱ ሞ ታቤማሽታ» አልኳት። ኦቾሎኒም በልቻለሁ። ትንሽ ዝም አለች። ወረቀት ሲገላበጥ ይሰማኛል።

«ሃይ፣ ፒናትሱ ሞ፣ ዴስ ኔ» አለች። ከዚያ በጣም በትሕትና፣ «ሆካ ኒ ዋ?»